የጉሬዛ ልጅ ነጭ ነው

ዛሬ ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንጋይ ላይ እንደ ተቀመጥሁ፣ አንዲት ጉሬዛ ልጇን አቅፋ ከዛፍ ላይ ቁልቁል አየችኝ። ልጇ ከአናቱ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው፤ አንድም ጥቁር የለበትም።

ልጄ ብርቄ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤቷ ጋር እዚህ መጥታ ነበር። ስትመለስ "እማ፣ የጉሬዛ ልጅ ነጭ ሆኖ ነው የሚወለደው" አለችኝ። "ሂጂ ወዲያ፣ ውሸታም" ብዬ ሳቅሁባት። አኩርፋ ራቷን ሳትበላ ተኛች።

ብርቄ ካረፈች ዘጠኝ ወሯ ነው። ጥቁር ለብሼ ሽርሽር መውጣቱን ፈርቼ "ሰው ምን ይለኛል?" ብል፣ ጎረቤቴ የሺ "ሐይቁ ምንም አይልሽም፣ ተነሽ" ብላ ከእንጅባራ ይዛኝ መጣች።

ዳር ዳሩን ስንሄድ፣ በድንጋዮቹ መካከል በቀረችው እፍኝ በማትሞላ ውኃ ውስጥ እንኳ ጥቃቅን ፍጥረት ይርመሰመሳል። (የሺ እሱን ስታይ ጫማዋ ውኃ ገባበት፤ የተወቀስሁት እኔ ነኝ።)

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለችኝ የሺ፣ ድንጋዩ ላይ ሆኜ ሳጉተመትም ሰምታ።

"ከብርቄ ጋር። እውነትሽን ነበር እያልኋት ነው።"

የሺ አጠገቤ ተቀመጠች። ጉሬዛዋ እስክትሄድ አልተነሣንም።

እናንተስ፣ ልጅ ነግሯችሁ ሳታምኑት ቀርታችሁ በኋላ በዐይናችሁ ያያችሁት ነገር አለ? ጻፉልኝ። ልጁ አጠገባችሁ ካለ ግን መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት።