ትንሹ ኮረጆ

ዛሬ ይጁቤ ገበያ ላይ ልጄ ትልቁን የአዳኝ ኮረጆ ከእጄ ወስዶ መልሶ ሰቀለው።

«እማ፣ ይኼ ለእኔ ነው ወይስ ለበቅሎ?» አለኝ። ቆዳ ሻጩ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ስንጠየቅ ኮረጆው ለአደን ነው እንላለን። ጣሊያን ከገባ ወዲህ አዳኝ በዝቷል፤ ምን እንደሚታደን ግን የሚጠይቅ ነጋዴ የለም።

አምና ታላቅ ወንድሙን እንደ እሱው ወደ አርበኞቹ ስሸኝ የመረጥሁት ትልቁን ነበር። እንዳይርበው ብዬ በሶውን ጠቅጥቄ ሞላሁለት። ጣሊያኖቹ በደረሱባቸው ቀን፣ ዳገቱን ሲሮጡ ጓደኞቹ «ጣለው!» ብለውት ነበር አሉ። «የእናቴ ስንቅ ነው» ብሎ ሳይጥለው ቀረ። እሱም እዚያው ዳገት ላይ ቀረ።

ይህን ለታናሹ ነግሬው አላውቅም ነበር። ዛሬ እዚያው ገበያው መሀል ነገርሁት።

«እንግዲያው አንቺው ምረጭልኝ» አለኝ።

ትንሹን አነሣሁ። ከትከሻው ቶሎ መውለቁን ለማየት ሦስት ጊዜ አስወለቅሁት።

«ከከበደህ ጣለው። በሶ እኔ ደግሜ እፈጫለሁ» አልሁት።

ልጅ የሸኛችሁ እናቶች፣ ስንቁን ምን ያህል አደረጋችሁት? ነገ ልፈጭ ነውና ንገሩኝ፤ እጄ ልክ አያውቅም።