ቆማ የምትሮጥ ዲኤክስ

ያን ቅዳሜ ከቤት የወጣሁት አንድ ነገር ለመናገር ብቻ ነበር፦ «መኪናዋን ልሸጣት ነው።» ከቀጨኔ እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ መሪውን ይዤ ስለማመደው መጣሁ። ገዢዎቹ ገና የተጋቡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሰኞ ጠዋት ስም ለማዛወር ተቀጣጥረናል። የቀረኝ ለባሌ ጓደኞች መንገር ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ኧረ ምኑ ቀሎ!

ባሌ ከሞተ አምስት ዓመት ሞላው። የተወልኝ አንድ የድሮ ቶዮታ ዲኤክስና ዲኤክሷን ከእኔ በላይ የሚወዱ አንድ የመኪና ክለብ ሙሉ ወንዶች ነው። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ እሷ ከቆመች እኔ ልብስ የማሰጣበት ቦታ የለኝም። የምሠራው ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ነው፤ ጠዋት የምሄደው በታክሲ ነው። እሷን የማስነሳት እሁድ እሁድ፣ ባትሪዋ እንዳይሞት ብቻ። ሰፈሩ «የእሱ መኪና» ይላታል፤ እኔንም «የእሱ ሚስት»። አንድ እሁድ ጎማዋን እያጠብኩ «ይኼን እስከ መቼ ነው የማጥበው?» ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት። ያን ዕለት ወሰንኩ።

ክለቡ በዓመት አንዴ የሞተር ጉልበት የሚለካበት ቀን አለው። ዳይኖ ይሉታል። ጋራዡ ወለል ውስጥ ሁለት ትልልቅ የሚሽከረከሩ ብረቶች ተቀብረዋል፤ የኋላ ጎማዎቹ እነሱ ላይ ያርፋሉ፣ መኪናዋ በወፍራም ቀበቶ ከወለሉ ጋር ትጠፈራለች፣ ከዚያ ነዳጅ ሲሰጣት ጎማው ይበራል እንጂ እሷ ካለችበት ፈቀቅ አትልም። ኮምፒውተሩ ጉልበቷን በፈረስ ቆጥሮ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጭቅጭቅ ነው። አንዱ «አንተ እኮ ካርቡሬተር ቀይረህ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጎማህን አስነፍተህ መጥተህ ነው» ይላል። ዝቅ ያለ ቁጥር የመጣበት ሁሉ ደግሞ ጥፋቱን እንጦጦ ላይ ይጥላል፦ «ከፍታው ነው እንጂ! አየሩ ስስ ነው! አዳማ ወርደን ብንለካ ታዩኝ ነበር!»

የሞተ አባል መኪና ግን ጭቅጭቅ የለባትም። ቀድማ የምትወጣው እሷ ናት፤ ነዳጅ የሚሰጣትም ከሟቹ ቤተሰብ አንድ ሰው ነው። ቁጥሩ ሲነገር ሌሎቹ ክላክስ ያሰማሉ። ክለቡ ውስጥ ከባሌ በቀር የሞተ የለም፤ ስለዚህ ያ «አንድ ሰው» ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ስደርስ የሠርጋችን ሚዜ ማይክሮፎን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ውጤት የሚያውጀው እሱ ነው። «ንግሥታችን መጣች!» ብሎ ጮኸ። ገና ሞተር ሳላጠፋ እየመራ በቀጥታ ማሽኑ ላይ አወጣኝ። ሌሎቹ መኪናዎች ከኋላዬ ተደረደሩ። ቀጥሎ የጋራዡ የብረት በር ተዘጋ፤ አምና ጎረቤት «ይኼ ድምፅ ጦርነት ነው ወይ?» ብሎ ለወረዳው ስለከሰሰ። ዞር ብዬ አየሁ። ከፊቴ ግድግዳ፣ ከኋላዬ መኪና፣ ከመኪናው ኋላ የተቀረቀረ በር። ብፈልግም አልወጣም።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌው መካኒክ ናቸው፤ ባሌን መኪና መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቀበቶውን ሊያጠብቁ ጎንበስ ሲሉ በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ እንለካት።»

«አጭር ነገር ነው እኮ፤ ማለቴ...»

«ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?» አሉና ቀበቶውን ጠበቅ አደረጉት።

አቤት፣ ያ ድምፅ! ነዳጅ ስሰጣት ወንበሩ፣ መሪው፣ ጥርሴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። የሚቃጠል ጎማ ሽታ አፈነኝ። የፍጥነት ቆጣሪው ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ግን ያው ግድግዳ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት እንዲህ ነበር፤ እየሮጡ አለመሄድ። «በቃኝ! አውርዱኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ! ሚዜው አፌ ሲንቀሳቀስ አይቶ የምፈክር ስለመሰለው «በርቺ! በርቺ!» አለኝ።

ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ላይ ተረባረቡ።

«ስድሳ ሁለት!» አለ ሚዜው በማይክሮፎኑ። «ከአምና በአሥራ አንድ ፈረስ በልጧል! ጎበዝ፣ ጓደኛችን አልሞተም!»

ክላክሱ ጆሮዬን ሊበጥሰው ደረሰ። ግንባሬን የሚስመው ሳመኝ፣ ትከሻዬን የሚመታው መታኝ። ከአባላቱ ሁለቱ ያለቅሱ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። እንዴት ነው ሰው እየሞተ መኪናው የሚጎረምሰው? እነዚህ ሰዎች በደግነታቸው ሊገድሉኝ ነው። አሁን ካልተናገርኩ ለዘለዓለም አልናገርም አልኩና ከመኪናዋ ወረድኩ።

«መኪናዋን ሰኞ ልሸጣት ነው።»

ሚዜው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው። ጋሼ አጠገባቸው ያለ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ስም ልታዛውሪ?»

«አዎ።»

«ወይኔ ልጄ! አትሸጥም እኮ።»

ደሜ ፈላ። «ማነው የማትሸጥ ያለው? ሊብሬው በስሜ ነው!»

«እኔ መች አልኩ። ሞተሯ ነው» አሉ፤ ዐይኔን አላዩኝም። «ይኼ ሞተር የእሱ አይደለም።»

ጋሼ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። አምና ቁጥሯ ሲወርድ አንገቴን ደፍቼ አይተውኝ አንጀታቸው አልቻለም። ሞተሯ ደግሞ አልቆለት ነበር፤ የሚታደስ አልነበረም። በፍልሰታ ጾም «ሰርቪስ እናድርግልሽ» ብለው የወሰዷት ጊዜ፣ ከተፈታ መኪና የወጣ ሌላ ሞተር ገጠሙላት። ወረቀት የለውም። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለች መኪና ስም ይዛወርላት ቢባል የሚያዛውር የለም።

«መኪና ስታገላብጡ ነው ያረጃችሁት» አልኳቸው። «ይኼ ጠፍቷችሁ ነው?»

«ትሸጫታለሽ ብሎ ማን አስቦ!» አለ ሚዜው።

እውነቱን ነው። ልሸጣት እችላለሁ የሚል ሐሳብ ከመካከላቸው ላንዱም ብልጭ ብሎለት አያውቅም። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አምና ቁጥሯ ሲወርድ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር! እያለቀች ነው፣ ትንሽ ብታገስ ራሷ ትቆማለች፣ ከዚያ ይተዉኛል አልኩ። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ነው አንገቴን የደፋሁት። አንገቷን የደፋች የሟች ሚስት ሲያዩ እነሱ ሌላ ምን ያስቡ? ወይ ጉዴ! ልወጣ ስል በገዛ እጄ በሩን ቀረቀርኩት።

«የእሱስ ሞተር የት ነው? ጣላችሁት?»

«ኧረ እንዴት ይጣላል!» አሉ ጋሼ፣ እንደተሰደበ ሰው።

ጋራዡ ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ዕቃ ቤት ወሰዱኝ። ሚዜውም ማይክሮፎኑን እንደያዘ ተከተለን። ዝገትና አቧራ የማይ መስሎኝ ነበር። ሞተሩ ጣውላ ላይ ተቀምጦ በንጹሕ ጋቢ ተሸፍኗል። ጋሼ ጋቢውን ሲገልጡት ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ ያብለጨልጫል። የማይሠራ ሞተር! ጋቢው የራሳቸው ነው፤ ለቅሶ ቤት ለብሰውት ሲመጡ አውቀዋለሁ።

«አልፎ አልፎ እየገባሁ እወለውለዋለሁ» አሉ። «ወጣት ሆኖ እዚህ ግቢ ሲመጣ... እ... በቃ፣ ልጄ ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺ መኪና ላይ የተጠፈርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ዓመት እየጠበቁ ነዳጅ የሚያስረግጡኝ ለእኔ ሲሉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እነሱም መውጫው ጠፍቶባቸው ነው። አዘንኩላቸው። ማዘን ብቻም አይደለም፣ «እሺ ይሁን፣ ትቆይ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ካልኩት ግን በሚቀጥለው ዓመት ያው ቀበቶ፣ ያው ግድግዳ፣ ያው ክላክስ እንደሚጠብቀኝ ታየኝ።

ሰው ሁሉ የሚለምነው የሞተው በሕይወት እንዲመለስለት ነው። እኔ የለመንኩት ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ የሞተውን ይመልሱልኝ።»

«ምን?»

«የእሱን ሞተር ይግጠሙልኝ። ለገዢዎቹ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጓት ጎትተው ይወስዷታል።»

«ልጄ፣ እሱን ከመለስኩት ዳይኖ ላይ አትወጣም። ሌላ ዓመት የለንም ማለት ነው።»

«አዎ» አልኳቸው። «ሌላ ዓመት የለንም።»

ሚዜው እጁ ላይ ያለውን ማይክሮፎን አጠፋ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ በቀብሩ ቀን እንኳ ያላለቀሰው ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ጋሼ ጋቢያቸውን ከሞተሩ ላይ አንስተው አጣጥፈው ለእኔ ሰጡኝና መፍቻቸውን ፍለጋ ወጡ።