ማን ቀድሞ ይውጣ

እኔ ከቤት ስወጣ ምድጃውን ሦስት ጊዜ የማይ ሰው ነኝ። አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለጎረቤቶቼ፣ አንዴ ደግሞ ሁለቱን ጊዜ በትክክል ማየቴን ለማረጋገጥ። ስለዚህ የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ «ለአደጋ ዝግጁ አይደለም» ተብሎ የተጻፈበት ቀን እኔኑ የሰደቡኝ ያህል ነው የከነከነኝ።

መኖሪያው ከሀዋሳ ወደ ቡሹሎ ሲኬድ መንገድ ዳር ያለ፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ ቤተሰብ የኖረበት ቤት ነው። አሥራ አራት አረጋውያን አሉን። ክፍሎቹ ሁሉ ወደ አንድ ረጅም ኮሪደር ይወጣሉ፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሰፊ በር አለ። እኔ ነርሷ ነኝ። አገሬ ጎጃም ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። እናቴ ስደውልላት አንድ ነገር ሳትል ስልኩን አትዘጋም፤ የራስሽን እናት ትተሽ የሰው እናት ጧሪ ሆንሽ አሉ ትለኛለች። እስቃለሁ፤ ከዘጋሁ በኋላ አንድ አባታችን ሆይ እደግምና ወደ ሥራዬ እገባለሁ።

ጉድለቱን የጻፈብን ተቆጣጣሪ ገና ወጣት ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የታረመ፣ አረጋውያኑን ሲያናግር ጎንበስ የሚል ልጅ። የእሳት ማጥፊያውን አየ፣ ደህና ነው አለ። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን ከፈተ፣ ደህና ነው አለ። ከዚያ እሳት ቢነሣ አረጋውያኑ በስንት ደቂቃ ይወጣሉ ብሎ ጠየቀ። ሥራ አስኪያጇ እኔን አየች፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሞክረነው አናውቅም። ቅጹ ላይ ጻፈ። በወሩ ተመልሶ ይመጣል፤ ፊሽካ ከተነፋ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ግቢው ውስጥ ያለው ሾላ ሥር ካልተገኙ ፈቃዳችን አይታደስም። ካልታደሰ አሥራ አራቱም ቦታ ወደተገኘበት ከተማ ይበተናሉ።

ይህን ስንነግራቸው ከሁሉ የከፋቸው እማማ ናቸው። እማማ የምንላቸው የሲዳማ እናት ናቸው፤ አማርኛቸው መሐል ቋንቋቸውን ሲዳሙ አፎን ጣል ያደርጉበትና ይጣፍጣል። ከጡረተኛው መምህራችን ጋር አራት ዓመት ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቁርስ እየበሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዳቦ ውፍረት፣ ስለ ማንኛውም ነገር።

«እሳቸውን አዳማ፣ እኔን ጅማ ከወሰዱን ጠዋት ጠዋት ማንን ልቃወም ነው?» አሉኝ።

የመጀመሪያውን ልምምድ ማክሰኞ ከቁርስ በኋላ አደረግን። ፊሽካዬን ነፋሁና እሳት ነው አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ማለቴ የልምምድ እሳት ነው ብዬ አረምኩ። እሳት ሳይኖር እሳት ነው ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ከዚያ ጥፋት ሠራሁ፤ አደጋ ነውና በስመ አብ ብዬ ጸሎት ጀመርኩ። የእኔ ሲያልቅ ፕሮቴስታንቷ ሥራ አስኪያጃችን የሷን ጀመረች፤ የሷ ከእኔ ይረዝማል። አሜን ስንል አራት ደቂቃ ሄዷል።

ዋናው መከራ ግን በሩ ላይ ነበር። ከፊት የነበሩት መምህሩ የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ፤ ዘወር ብለው እማማን ይቅደሙ አሏቸው። እማማ ደግሞ እርስዎ ይቅደሙ፣ የተማሩ ሰው አይደሉም ወይ አሉ። መምህሩ በሞቴ አሉ። እማማ አፈር ስሆን አሉ። ከኋላ ያሉትም ጥንድ ጥንድ ሆነው መለማመጥ ጀመሩ። ቤቱ ተቃጠለ ተብሎ አንዱ በሞቴ ይላል፣ ሌላዋ አፈር ስሆን ትላለች፤ እሳቱ የእውነት ቢሆን ኖሮ ሁሉም እንደ አፋቸው ሊሆንላቸው ነበር። በዊልቸር የሚሄዱት አዛውንት እንኳ ዊልቸራቸውን ወደ ኋላ እያሽከረከሩ ለሴቶቹ መንገድ ለቀቁ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

አልፈረድኩባቸውም። እኛም አገር ታላቅ ቆሞ ታናሽ በር አያልፍም። እውነቱን ለመናገር፣ ቆሜ ሳያቸው እኔም ማን መቅደም እንዳለበት በልቤ እያሰላሁ ነበር።

ጸሎቱ ሾላው ሥር ከደረስን በኋላ እንዲሆን ተስማማን፤ እግዚአብሔር እዚያም አለ አለች ሥራ አስኪያጇ። የበሩን ነገር ደግሞ በዕድሜ ቅደም ተከተል ልፈታው አሰብኩና ደብተር ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። እንደዚያ ቀን ሁሉም ወጣት ሆነው አያውቁም። መምህሩ እማማ በአሥር ዓመት ይበልጡኛል አሉ። እማማ በበኩላቸው መምህሩን የአባታቸው ጓደኛ እየመሰሏቸው በአክብሮት እንደሚያዩዋቸው ነገሩኝ። አንዷ እናት መታወቂያቸውን አውጥተው ሰጡኝ፤ በመታወቂያው መሠረት ከትልቁ ልጃቸው የሚበልጡት በስድስት ዓመት ነው። እሱንም ማስረጃ ነው ብዬ መዘገብኩት። ዝርዝሩ ሲያልቅ እማማ አንደኛ ወጡ።

በሚቀጥለው ልምምድ እማማን ጠራኋቸው፤ መጡ፤ በሩ ላይ ደረሱና ቆሙ። አንደኛ የሆነች እናት ልጆቿን እሳት ውስጥ ጥላ ትወጣለች ወይ፣ ሁሉም ይውጣና እኔ እከተላለሁ አሉ። ሁለተኛው መምህሩ ናቸው፤ እሳቸው ከእማማ በፊት አይወጡም። ሦስተኛዋ ከመምህሩ በፊት አይወጡም። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ። አሻሽለናል አለች ሥራ አስኪያጇ፣ ድምጿ ግን አላመናትም።

ወሩ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪው በባጃጅ መጣ። እኔ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ፤ ሥራ አስኪያጇም ከንፈሯ ደርቋል፣ ግን አልተጠያየቅንም። አረጋውያኑን አንድ በአንድ ለምኛቸው ቃል ገብተውልኛል። ሥራ አስኪያጇ ሾላው ሥር ቆመች። ተቆጣጣሪው ከበሩ በውስጥ በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ስልኩ ላይ ሰዓቱን አዘጋጀ። ፊሽካውን ነፋሁ።

እንደዚያ ቀን ፈጥነው አያውቁም። በሁለት ደቂቃ አሥራ አራቱም ኮሪደሩ ላይ ተሰልፈዋል። እማማ ከፊት ናቸው። በሩን ሊሻገሩ አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ተቆጣጣሪውን አዩትና ቆሙ። ለካ ስንለማመድ በሩ ላይ እንግዳ አልነበረም።

«ልጄ፣ እንግዳ ነህ፤ ቅደም» አሉት።

ልጁ ደንግጦ ከግድግዳው ተላቀቀ። ሥራ ላይ ነኝ፣ እኔን አይዩኝ፣ ዝም ብለው ይለፉ አላቸው። እማማ እንግዳን እሳት ቤት ጥሎ መውጣት ነውር ነው አሉ። መምህሩ ከኋላ ሆነው እውነታቸውን ነው አሉ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልጁ ቅጹን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ አለ።

«ኧረ በሞቴ እማማ፣ እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ተደርጎ?»

አለቀልን አልኩ። ሕጉን ያመጣብን ሰው ራሱ ሰልፋችን ውስጥ ገባ። ስልኩ ላይ ያለው ሰዓት ግን እንደሱ ጨዋ አይደለም፤ ይሄዳል። ሦስት ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ ተኩል።

በበሩ አሻግሬ ሳይ እማማ ጠዋት ያጠቡት ነጠላ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሀዋሳ ውስጥ ጦጣ ጎረቤት ናት፤ መስኮት ከተከፈተላት ትገባለች፣ ዳቦ አንሥታ ትወጣለች። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ነጠላ ወስዳ ሾላው ጫፍ ላይ ተከናንባው ውላለች፤ እማማም ሥሯ ቆመው ሲረግሟት ውለዋል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አሰብኩ አልልም። ከአፌ ወጣ።

«ጦጣ መጣች» አልኩ። «ነጠላውን ልትወስደው ነው።»

ይሉኝታ እንዲያ ሲፈርስ አይቼ አላውቅም። እማማ ምርኩዛቸውን ወደ ላይ አንሥተው ተቆጣጣሪውን በክርናቸው ገፍተውት አለፉ። መምህሩ ሴቶች ወደ ኋላ፣ እኔ ልቅደም እያሉ ተከተሉ፤ ሴቶቹም ወደ ኋላ አላሉም። ባለ ዊልቸሩ አዛውንት ተቆጣጣሪውን ግፋ ልጄ አሉት፤ ገፋ። ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ገባኝ። ከእሳት ቀድሞ መውጣት ራስን ማስቀደም ስለሆነ ያሳፍራል። ጦጣ ለማባረር ቀድሞ መውጣት ግን ለሌላው መድረስ ነው፤ እሱን ማንም ለማንም አይለቅም።

ሾላው ሥር ሲቆጠሩ አሥራ አራቱም አሉ። ሰዓቱ አራት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይላል። ነጠላው ገመዱ ላይ እንዳለ ነው። እማማ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ከዚያ ዘወር ብለው እኔን አዩኝ።

«የታለች?»

ሥራ አስኪያጇ በዚያው ቅጽበት የምስጋና ጸሎት ጀመረችና ዳንኩ። ረጅም በመሆኑ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ቢሮ ገባን። ቅጹ ላይ ሠራተኛው አደጋውን በምን እንዳሳወቀ የሚጠይቅ መስመር አለ። በፊሽካ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን አሥራ አራት አረጋውያን አታልዬ ሳበቃ ደግሞ ማኅተም ፊት ልዋሽ? ጦጣ እንዳልነበረች ነገርኩት፤ እንባዬም መጣ። ልጁ ቅጹን እንደገና አነበበ። ሁሉም በሰዓቱ ወጥተዋል አለ በመጨረሻ፤ ነገር ግን ፈቃድ የሚሰጠው የእውነት አደጋ በመጣ ቀንም የሚሠራ ዘዴ ካለ ነው። ስለዚህ ዘዴው ይጻፍ አለ፤ ተረኛዋ ነርስ ፊሽካ ነፍታ ጦጣ መጣች ትላለች፣ ነርሷም ትፈርምበታለች።

አልፈርምም አልኩ። አንድ ጊዜ ያመለጠ ውሸት ንስሐ አለው፤ ማኅተም ያረፈበት ውሸት ግን እኔ ተኝቼም ይዋሻል። ሥራ አስኪያጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

«ሲስተር፣ በአንዲት ጦጣ አሥራ አራት ሰው ልትበትኚ ነው?»

ሊሆን እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ። እጄ ግን እስክሪብቶውን አልያዘልኝም።

የገላገሉን በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ የነበሩት እማማ ናቸው። ተቆጥተው ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ሳይጠሩ ገቡና ቁጭ አሉ።

«እውነት እንዲሆንልሽ ከፈለግሽ ጦጣዋ ትምጣ» አሉኝ። «ሾላው ላይ ሙዝ ስቀይ። ሙዝ ተሰቅሎ ጦጣ የቀረችበት አገር የት አለ?»

ተቆጣጣሪው የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ሳበ። የእሳት ማጥፊያ አንድ፣ ፊሽካ አንድ፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን አንድ ይላል። ከሥሩ በጥሩ ጽሕፈት ጨመረ፦ ሙዝ፣ አንድ ዘለላ፣ ሾላው ላይ ዘወትር የተሰቀለ። ጦጣዎቹ በልተው ቢጨርሱትስ ብዬ ጠየቅሁ፤ ጥንቁቅ ነኝ ብያለሁ። ከጨረሱት መጥተው ነበር ማለት ነው አለ፣ ሳይስቅ። ፈረምኩ። ማኅተሙም አረፈ።

ታዲያ ፈቃዱ አሁን ኮሪደሩ ላይ በመስታወት ተደርጎ ተሰቅሏል። የእሳት ማጥፊያውን በዓመት አንዴ ባለሙያ መጥቶ ያየዋል። ሙዙን በየጠዋቱ የምሰቅለው እኔ ነኝ፤ የሰቀልኩበትን ሰዓትና የጠፋበትን ሰዓት መዝግቤ እፈርማለሁ። ጦጣዎቹ ግቢውን ለቀው አያውቁም፤ ስለዚህ በየትኛውም ሰዓት ጦጣ መጣች ብል ኅሊናዬ ንጹሕ ነው። ቁርስ ላይ መምህሩ ጥሬ ሙዝ ይሻላል፣ ይቆያል ይላሉ። እማማ ደግሞ ጦጣን በጥሬ ሙዝ መጥራት እንግዳን በባዶ መሶብ እንደ መጥራት ነው ይላሉ። እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ አልተስማሙም።