የኳንግ ዴሹን ትርፍ ማንኪያ

በቻይናዋ ከተማ በቻንግሻ፣ በባትሪ ቤተ ሙከራው ኳንግ ዴሹን የማያምነው መሣሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ሚዛን። ሠላሳ ዓመት እቶን ላነደደ ሰው ዓይኑ ይበቃዋል ባይ ነው። ሁሉም «ሺፉ» ይሉታል፤ እጁ የተፈተነ ባለሙያ ማለታቸው ነው፣ ሊፈትነው የደፈረ ግን አልነበረም።

መሐንዲሷ ታን ፔይላን ለሶዲየም ባትሪ የሚሆን ዱቄት ከስኳር ጋር ደባልቃ ታመጣለታለች። ስኳሩ እቶን ውስጥ ከስሎ እያንዳንዷን ቅንጣት ስስ ካርቦን ያለብሳታል፤ ኤሌክትሪኩ በዚያ ልባስ ላይ ይመላለሳል።

«ትንሿ ታን፣ ዱቄትሽ ገርጥቶ ወጣ» አላት አንድ ቀን። «በዚህች ስኳር የአሳማ ሥጋ ብሠራ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በጭልፋ ትለኝ ነበር።»

«ሺፉ፣ ወጥ እኮ አይደለም!»

«ሁሉም ወጥ ነው፤ የተማርሽ ስለሆንሽ አልነገሩሽም።»

ስቃ ሄደች። ቻንግሻ ባለችበት በሁናን ክፍለ ሀገር የሥጋው ቀለም ካረረ ስኳር እንደሚመጣ፣ ጠቆር ያለውም የባለሙያ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ኳንግም በመጨረሻው የፈተና ድብልቅ ላይ፣ ከአባትነት ፍቅር፣ ሳይነግራት አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረላት። ዱቄቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ አምሮ ወጣ።

ልባሱ ወፍሮ ነበርና ሶዲየሙ መግቢያ መውጫ አጣ፤ ባትሪው በፍጥነት ሲሞላ ደከመ። አለቆቹ ቀመሩን ጣሉት። ፔይላን ሚዛኗን ሦስት ጊዜ መርምራ እንከን ስታጣበት በገዛ እጇ ላይ ፈረደች፤ ሥራውንም ትታ በትውልድ ከተማዋ የኬሚስትሪ መምህርት ሆነች። ኳንግ የወፈረ ልባስ የሚያመጣውን ጣጣ እዚያው ስብሰባ ላይ ሰምቷል፤ አፉን ግን እንደ እቶኑ ግጥም አድርጎ ዘጋ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥፋቱ አሳፈረው፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታው።

ከአራት ዓመት በኋላ ጡረታ ሲወጣ ምሳ ጠራት፤ መጣች። ያንኑ በስኳር የሚጠቁር የአሳማ ሥጋ ራሱ ሠርቶ ከሩዟ ላይ አኖረላት።

«የእርስዎ እጅ አይስትም፣ ሺፉ» አለችው። «እኔ ዛሬም ለተማሪዎቼ ጨው ስመዝን ሌላ ሰው እንዲያይልኝ እለምናለሁ።»

ኳንግ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ያኔ ስኳር የጨመርኩበት እኔ ነኝ።»

መብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች። «ስንት?»

«አንድ ማንኪያ።»

«በየትኛው ማንኪያ?»

የሾርባውን ማንኪያ አሳያት። በወረቀት መሐረብ ላይ ስሌቱን ጫር ጫር አደረገች፤ ለአፍታ ፊቷ በራ።

«ትክክል ነበርኩ» አለች።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ! ይመልሱሻል!»

«ቀመሩን አምና ሌላ ሰው አግኝቶታል፣ ሺፉ።»

ሥጋውን አልነካችውም። መሐረቡን ግን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ኳንግ እስከ ደጅ ሸኛት። ከእንግዲህስ ጨውን ለብቻዋ ትመዝናለች ብሎ ሊጽናና ሞከረ፤ መጽናናቱ ግን ለአራት ዓመት የሚበቃ አልነበረም።