ከማተቤ ጋር ያሰርኩት ቁልፍ

የለውጡ ሰሞን ሰው ሁሉ ስለ አሠራር ያወራ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ማንበብና መጻፍ የተማርኩ ሰው ነኝና የቅሬያችንን ደንብ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ከውጫሌ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ቅሬ ማለት እስላሙም ክርስቲያኑም ሙታኑን በጋራ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ድንኳኑ፣ ትልልቆቹ ድስቶችና ቃሬዛው በየቤቱ እየዞሩ ይጎዱ ስለነበር፣ ያለ ቅሬው ዳኛ ፈቃድ ምንም ዕቃ እንዳይወጣ የሚል አንቀጽ አስገባሁ። ዕቃ ቤቱን እንድጠብቅም እኔኑ መረጡኝ። ቁልፉን ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

ልጆቼን ንብረት ሁሉ የእግዚአብሔር ነው፣ ሰው አደራ ጠባቂ ነው፣ ለአንድ ብርጭቆ እንኳ ይጠየቅበታል እያልኩ አሳደግኳቸው። ብርጭቆ የሰበረች ልጄን ገርፌያታለሁ።

ጦርነቱ ሲቀርብ ዳኛው ቤተሰቡን ይዞ ቀድሞ ወጣ። እኛም ጓዛችንን ስንጭን ጎረቤቴ ሦስት ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። እናቱ መራመድ ካቆመች ዓመት አልፏታል። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ፣ ከአራስ ቤት ሳትለይ ገንፎ እያገነፋች ያስታመመቻት እሷ ነበረች።

“ጋሼ፣ ተሸካሚ አግኝቻለሁ። ቃሬዛውን ብቻ ይስጡን፤ ሐይቅ ደርሰን እኔው እመልሰዋለሁ” አለኝ።

ዳኛው ፈቅዷል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። መሄዱን እኔም አውቅ ነበር። ከዚያ ደንቡን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩለት። ሳነብ ከባድ መሣሪያ ይጮኽ ነበር። ፈርቼ ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር። እውነቱ ግን የጻፍኩት ነገር ሲሠራ ማየት ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ የነገርኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እናቱ በራፋቸው ላይ ተቀምጣ ትሰማን ነበር።

“ተወው ልጄ” አለች። “እስክሞት ጠብቀው፤ ያኔ ይሰጥሃል።”

ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቁልፉንም አልፈታሁም። ሦስቱ ጥቂት ቆመው ወደየቤተሰባቸው ሄዱ። እሱ እናቱን በጋቢ አዝሎ መንገድ ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ ደርሰንባቸው አለፍናቸው። አህያዬ ጤፍ ተጭና ነበር። ጤፉን አውርጄ ሴትዮዋን ልጫናት ብዬ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤ ነበር።

ሐይቅ ገብተን ወደ ገዳሙ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ተጠግተን ሳለ ልጄ ወሬውን ይዛ መጣች። ሴትዮዋ በማግስቱ ልጇ ጀርባ ላይ ሞታ ነበር። የተኛች መስሎት ብዙ መንገድ ተሸክሟታል። የማያውቋት ሰዎች ከመንገድ ዳር ቀበሯት።

ልጄ ይህን ነግራኝ ስታበቃ፣ “አባባ፣ ቁልፉ አለ?” አለችኝ።

እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ሄደ። አለ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ በልታ አታውቅም።

ከወራት በኋላ ስንመለስ የዕቃ ቤቱ በር ተገንጥሎ ተወስዷል። ድንኳኑም ድስቶቹም የሉም። ቃሬዛውን ግን ማንም አልፈለገውም፤ እኔ ባስቀመጥኩበት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

ቅሬው እንደገና ሲሰበሰብ ጥፋቴን በሰው ፊት ተናግሬ ከኃላፊነቴ አውርዱኝ አልኩ። ያ ጎረቤቴ ተነሣ።

“አይውረዱ። ዕቃ ለመጠበቅ ከእሳቸው የሚሻል የለም” አለ። “ሰው ብቻ አደራ እንዳትሰጧቸው።”

እጅ አውጡ ተባለ፤ ሁሉም አወጡ። ስለ ድስቶቹ ፈጣሪ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አለኝ። ስለ ሴትዮዋ ግን በጻፍኩት ደንብ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁት ቃል የለም።

ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ ነው። ዕቃ ቤቱ በር አልተገጠመለትም። ቃሬዛውን የፈለገ ሰው ገብቶ ይወስዳል፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም።