«ሣጥኑ ተከፍቷል» ያለው ኮምፒውተር

ወልቂጤ ውስጥ በአንድ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ምንም አልጠገንኩም። አለቃዬ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊቴ አስቀምጦ ክዳኑን ሲያስፈታኝና መልሶ ሲያስገጥመኝ ዋለ። ወደ ማምሻው ላይ ብሎን ሳልጥል መዝጋት ቻልኩ።

ቡታጅራ የራሴን ሱቅ ከከፈትኩ ከዓመታት በኋላ፣ የአንድ የበርበሬ ነጋዴዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አቶ ደጀኔ አስጠሩኝ። የቢሮው ኮምፒውተር ሲበራ በእንግሊዝኛ «ሣጥኑ ተከፍቷል» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ይቆማል። ሣጥኑ ግን ዝግ ነው።

«ከፍቶ ሜሞሪ የወሰደ አለ» አሉኝ። «የቢሮው ቁልፍ ያለው ሙኒራ ጋ ብቻ ነው። የእገዳ ደብዳቤዋ ተጽፏል፤ ፊርማዬ ነው የቀረው።»

ጸሐፊዋ ሙኒራ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። «ማሽኑ ስሜን ጠራ እንዴ፣ አቶ ደጀኔ?»

«ሌባ ስሙን ጽፎ አይሄድም።»

«ያንን ሣጥን ፈትቼ መግጠም ብችል እዚህ ምን አስቀመጠኝ? የጋሽ ሳህሌን ሱቅ አዘጋው ነበር» አለች፣ ወደ እኔ እየጠቆመች።

አልሳቅኩም። እኔም ጠርጥሬያታለሁ። ከቢሮ ኮምፒውተር ሜሞሪ ካርድ ተነቅሎ ሲሸጥ አይቼ አውቃለሁ።

ጠግኜ ስዘጋ ብሎኑና ክዳኑ በሚገናኙበት ላይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርጋለሁ። ሰው ከፈታው ይሰነጠቃል። ከወራት በፊት ይህንኑ ኮምፒውተር ሳጸዳ ያደረግሁት ቀለም እንዳለ ነው። ስከፍተውም ሜሞሪው ከቦታው አልጎደለም። ከእኔ በኋላ የነካው የለም ማለት ነው።

ክዳኑ ሲገጠም የሚጫናት አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች፤ ካልተጫነች ማሽኑ ክፍት ነኝ ይላል። እሷ ከቦታዋ ወጥታ ተንጠልጥላለች። በጣቴ ተጭኜ ኮምፒውተሩን ሳበራው ያለ ምንም መልእክት ተነሣ። አቧራ ላጸዳ ማብሪያዋን የነቀልኳት፣ ስመልሳትም ብሎኗን ሳላስር የዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ወራት ቆይታ ተንሸራተተች።

ብሎን አስሬ «ተስተካክሏል» ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ደብዳቤው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኩና አሳየኋቸው።

አቶ ደጀኔ ማብሪያዋንም እኔንም ደጋግመው አዩ። «ተነጋግራችኋል እንዴ?»

«አልተነጋገርንም።»

«ላንተስ ማን ደብዳቤ ይጻፍልህ?»

«እርስዎ ይጻፉ። የሷን ግን ይቅደዱት።»

አልቀደዱትም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ሙኒራ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ እጇን ዘረጋች። እስኪሰጧት ድረስ አላወረደችም።

ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ ሌላ ጠጋኝ ነው የሚጠራው። እኔ ደግሞ ማሽን ሲበላሽ ሰው ከመጠርጠሬ በፊት የራሴን የመጨረሻ ሥራ እፈትሻለሁ።