እኔ ስወጣ የሚጠፋው ኮምፒውተር

በዚያ ቅዳሜ፣ ጌጃ ሰፈር፣ እዚያ ሳሎን ውስጥ የነበርነው አራት ነን። አንደኛዋ የአርክቴክቸር ተማሪዋ ናት፤ የመመረቂያ ሥራዋን ሰኞ ጠዋት መምህሮቿ ፊት የምትሰቅለው እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ እናቷ፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ሦስተኛው የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩት ጋሼ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ የጎረቤት ልጅ፣ የኮምፒውተር ጥገናን ማንም ሳያስተምረኝ በመፍታትና መልሶ በመግጠም የለመድኩ። ስም አልጽፍም። የነበረ ሰው ራሱን ያውቃል።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። የተማሪዋ ኮምፒውተር የሕንፃዋን ምስል ማውጣት ስላቃተው ግራፊክስ ካርዱን በተሻለ ቀየርኩላት። የተሻለው ካርድ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ከኋላ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላዩንም አብሬ ቀየርኩ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጥብቄ፣ ገመዶቹ ፋኑን እንዳይነኩ አስሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ አስነሣሁት። ሠራ። ዓርብ ከሰዓት ደወለችና «ጠፋ» አለችኝ።

ሰው «ጠፋ» ሲል ብዙ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ የስህተት ገጽ አሳይቶ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ አይደለም። ራሱ ተመልሶ ተነሣ? አልተነሣም። መብራት ሄዶ ይሆን? አምፖሉ እንደበራ ነው። ፋኑ ጮኸ፣ ከዚያ ድርግም አለ፤ ያየችው ይኼንኑ ነው።

ሥራው ሬንደር የሚባለው ነው። ኮምፒውተሩ የሕንፃውን ብርሃንና ጥላ ቁራጭ በቁራጭ አስልቶ አንድ ትልቅ ምስል ያወጣል፤ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ መሐል ላይ ከጠፋ እንደ አዲስ ይጀመራል። ምስሉ ደግሞ ቅዳሜ ሜክሲኮ ያለው ማተሚያ ቤት ሳይዘጋ መድረስ ነበረበት። እሑድ አይከፍቱም። ሰኞ ባዶ ግድግዳ ፊት ከቆመች፣ ጓደኞቿ ጋውን ሲለብሱ እሷ ዓመቱን ልትደግም ነው።

ዓርብ ማታ ሄጄ ብፈትሸው ደህና ሠራ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጋሼን ነው፤ ማለቴ የብየዳ ማሽናቸውን። ብረት ሲያያይዙ የሳሎኑ አምፖል ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል። አፍሬም ቢሆን ለቅዳሜ ብቻ እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው። ለአንድ ሰው ቃል የገቡት በር ስለነበር እያጉረመረሙ አቆሙ። ቅዳሜ ጠዋት ብየዳው ጸጥ ባለበት ሬንደሩን አስጀምረን ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። ካቻቢቴዎቼን በየመጠናቸው ደረደርኩ፣ መልሼ ቀላቀልኳቸው። ስልኬን እያገላበጥኩ በሩ ላይ ቆምኩ። ዝናብ ጀመረ፤ የቆርቆሮው ጩኸት የስልኩን ድምፅ እንዳይውጥብኝ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ደወለች። አላናገረችኝም፤ ዝም ብላ ተነፈሰች። ሮጥኩ።

ስደርስ እትዬ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ኮምፒውተሩን ለምርመራ እንደተዘጋጀ ታማሚ ለብቻው ትተው ጠበቁኝ። ክዳኑን ከፈትኩ። ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ጥርስ በላጲስ ጠረግኩ። ገመዱን ወደ ሌላ ሶኬት አዞርኩ። ሙቀቱን ለካሁ፤ ደህና ነው። እንደ ሬንደር የሚያስጨንቅ ሙከራ ጫንኩበትና ፊቱ ተቀመጥኩ። ምንም አልሆነም። ችግሩ እንዲገለጥ ጸለይኩ፤ አልተገለጠም። ሰው ሲሠራለት ደስ ሊለው ሲገባ እኔ በመሥራቱ ተናደድኩ።

ተማሪዋ መስኮቱ ጋ ቆማ ጣቷን ትነክሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሮጌውን ካርድ ብንመልሰው ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። አሮጌው እስከ ሰኞም እንደማይጨርስ እሷም ታውቃለች።

ዝናቡ አስገብቷቸው ሶፋው ላይ የተቀመጡት ጋሼ ጓንታቸውን ጉልበታቸው ላይ እያጠፉ ያዩኛል።

«ዶክተር» አሉኝ። «አሮጌው እየተንፏቀቀም ቢሆን ይሄድ ነበር። አንተ አዲስ ልብ ገጠምክለትና ይኸው።»

እትዬ «ተወው ልጁን» ብለው ገሠጿቸው። ጋሼ ግን አልጨረሱም።

«እኔ የሰው በር አቁሜለታለሁ እኮ። ደግሞ ልብ አላላችሁም? ዶክተሩ ሲኖር በሽተኛው ደህና ነው። ዶክተሩ ሲወጣ ነው የሚሞተው።»

ተማሪዋ እንኳ ፈገግ አለች። እኔ ግን ቀልዱ መሐል ላይ ያዘኝ። እውነታቸውን ነው። ሐሙስ እኔ ስኖር ሠራ። ዓርብ ማታ እኔ ስኖር ሠራ። አሁንም እየሠራ ነው። ታዲያ እኔ ስወጣ እዚህ ቤት ምን ይለወጣል?

ክዳኑን ዘግቼ ሬንደሩን እንደገና እንድታስጀምር ነገርኳት። ከዚያ እንደወጣሁ ቁጠሩኝ፣ ሁላችሁም የምትሠሩትን ሥሩ አልኩና በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ተማሪዋ የካርቶን ሞዴሏን ልትለጥፍ ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ ጥቂት ቆዩና፣ እንግዳ ሲሄድ ሳሎን እንደሚሰበሰበው፣ የሶፋውን ትራስ አስተካከሉ፣ ወለሉን በጨርቅ አበሱ፣ ከሶፋው መደገፊያ ላይ አንድ ነጭ ዳንቴል አነሡና ኮምፒውተሩን አለበሱት።

ያንን ዳንቴል ስገባ ስወጣ አይቼዋለሁ። ቴሌቪዥኑም፣ ሶፋዎቹም፣ ፍሪጁም ዳንቴል ስላላቸው የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም ነበር። ለኮምፒውተሩ በልኩ የተሠራ ነው፤ ከላይ ሸፍኖ ከፊት እስከ ማብሪያው፣ ከኋላ እስከ ታች ይወርዳል። አየር በዳንቴል ቀዳዳ ያልፋል ብዬ ራሴን ላጽናና ስል ጠርዙን ገለጥኩት። ከሥሩ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ተሰፍቶበታል።

«እትዬ፣ ይሄ ሁልጊዜ ይለብሳል?»

«ታዲያስ። አንተ ስትመጣ ነው የማነሣልህ።»

ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት የሠሩት ዳንቴል መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ያኔም ግን በእጃቸው አያያዝ ገባኝ። መዳፌን ከኋላ በኩል አስገባሁ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ትኩስ አየር ጨርቁን መትቶ እጄ ላይ ይመለሳል። ፋኑ መጮህ ጀመረ። ተማሪዋ ድምፁን ሰምታ ሙጫ በእጇ እንደያዘች ከጓዳ ወጣች። ያኔ የኋላውን ጫፍ እንደ መጋረጃ ወደ ላይ ገለጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ረገበ። አራታችንም ሰማነው፤ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

እትዬ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ነኛ» አሉ። «ልጄን ከጓደኞቿ ላስቀራት የነበርኩት እኔ ነኛ።»

ልጅቷ ሙጫውን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ የማውቀውን ተናገርኩ፤ አሮጌው ካርድ ስለማይሞቅ ይህን ሁሉ ዓመት ለብሶ ምንም እንዳልሆነ፣ አዲሱ ግን ሲሠራ እንደ ምድጃ እንደሆነ፣ ታፍኖ ሲግል ኮምፒውተሩ እንዳይቃጠል ራሱን እንደሚያጠፋ። ሐሙስ ያየሁት ዕቃውን ብቻ እንጂ የሚኖርበትን ቤት አለመሆኑን ግን አልተናገርኩም። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጨርቁን ከሥር ስፊበት ያልኳት እኔ ነኝ» አሉ። «ብረት የምቆርጥበት የግራይንደሬ ብናኝ በቀዳዳው ይገባል፣ ይገድለዋል ብዬ።»

ስለ ብናኙ ትክክል ነበሩ። ቀልድ ግን አልተከተለም።

ዳንቴሉን ማን እንዳነሣው አላስታውስም። የማስታውሰው እትዬ ምላጭ አስመጥተው ከሬንደሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ የሰፉትን ጨርቅ ስፌት አንድ በአንድ እየተረተሩ መዋላቸውን ነው። እኔ ሙቀቱን እያነበብኩ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ። መብራት እንዳይሄድ ሁላችንም አምፖሉን እናያለን። ዝናቡ ሲያባራ ጋሼ ወደ ብየዳቸው አልሄዱም። ስክሪኑ ላይ ሕንፃው በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተሞላ መጣ፤ መጀመሪያ ሰማዩ፣ ከዚያ በረንዳው፣ ከዚያ መሐል ላይ ነዋሪው ሁሉ የሚገናኝበት ግቢ። እትዬ ምላጩን አቆሙና ያ ማዕዘን ላይ ያለው የውሃ ቧንቧ የእኛው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው አለቻቸው።

ምስሉ አለቀ። ፍላሿን በላስቲክ ጠቅልላ፣ ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር፣ የሜክሲኮ ታክሲ ልትይዝ ሮጠች። ማተሚያ ቤቱ መጋረጃውን ሊያወርድ ሲል ደረሰች፤ ሰኞ ሰቀለችው። ዳንቴሉ ዛሬ ያለ ገበር ሞኒተሩ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ብቻ ይለብሳል።

እኔ የዚያን ዕለት ዓይኔ ከሙቀት ቁጥሩ ስላልተነቀለ ብዙ አምልጦኛል። ጋሼ፣ ልጅቷ ሮጣ ስትወጣ በሩ ላይ አስቁመው የሆነ ነገር ብለዋታል፤ ምን ነበር? እትዬ፣ እየተረተሩ በሹክሹክታ የሚሉት መዝሙር ነበር ወይስ ለራስዎ ነው ያወሩት? አንቺም፣ ስልኩ ላይ ዝም ብለሽ ስትተነፍሺ ልትይ የነበረው ምን እንደሆነ ንገሪኝ። ይህን የጻፍኩበት ወረቀት ግርጌ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፤ በገዛ እጃችሁ ሙሉት።